የትናንሽ ወታደሮች ውጊያ በክበብ፦ በአንድ ምሽት ተጀምሮ የሚያልቅ ጨዋታ አዘገጃጀት

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ሰው ወራት ፈጅቶ ቀለም የቀባቸውን ትናንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ወታደሮች በሣጥን ተሸክሞ ወደ ክበቡ ይመጣል። ጓደኞቹ ይሰበሰባሉ፣ ጠረጴዛው ይሞላል፣ ደንቡ ይነበባል። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሠራዊቶቹ ገና አልተገናኙም። አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ኮቱን ይደርባል፤ ውጊያው ሳይለይለት ምስሎቹ ወደ ሣጥናቸው ይመለሳሉ። እኔም የመጀመሪያውን ትልቅ ጨዋታዬን ያዘጋጀሁት እንዲሁ ነበር። 30 የጦር ክፍል (በአንድነት የሚንቀሳቀስ የምስሎች ቡድን) ደረደርኩ፣ ስድስት ሰው ጠራሁ፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ሦስተኛው ዙር ላይ ነበርን። ከስድስቱ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም።

የዚህ መመሪያ ዓላማ አንድ ነው፦ የምታዘጋጁት ታሪካዊ ውጊያ በዚያው ምሽት አሸናፊው ታውቆ እንዲያልቅ። ለአራት ተጫዋቾችና ለአንድ ዳኛ የተሰናዳ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ እንሄዳለን።

1. ከምስሉ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ

ክበቡ ለአራት ሰዓት ክፍት ነው እንበል፤ 240 ደቂቃ ማለት ነው። ጠረጴዛ ለማሰናዳትና ደንብ ለማስረዳት 50፣ ለዕረፍት 15፣ ዕቃ ለመሰብሰብ 20 ቀንሱ። የቀረው 155 ደቂቃ ነው።

አንድ ዙር የሚባለው ሁለቱም ወገኖች ተራቸውን ሲጨርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ሁልጊዜ ይጎተታሉ፤ ሰው ደንቡን የሚማረው ያን ጊዜ ነውና ለእያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ ያዙ። ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱ 70፣ ቀጣዮቹ አራት 80፣ በድምሩ 150 ደቂቃ። ስለዚህ የእናንተ ጨዋታ ስድስት ዙር ነው። ስምንት አይደለም፣ አሥርም አይደለም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና የቀረውን ሁሉ በእርሱ ልክ ቁረጡ።

አዲስ ተጫዋች አንድን ክፍል ለማንቀሳቀስ፣ ለማስወርወርና ለማዋጋት ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ለአንድ ሰው ከአምስት ክፍል በላይ ከሰጣችሁት የወገኑ ተራ ከአሥር ደቂቃ ያልፋል፤ ስሌቱም ይፈርሳል። በአንድ ወገን ያሉ ተጫዋቾች ደግሞ ክፍሎቻቸውን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ። አንዱ እስኪጨርስ ሌላው እጁን አጣጥፎ ከጠበቀ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል።

2. ውጊያውን ምረጡ፣ አሸናፊው የሚለይበትንም አስቀድማችሁ ጻፉ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄስቲንግስን ውጊያ እመክራለሁ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1066 የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድና የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም የተዋጉበትን። የመረጥኩት ለማዘጋጀት ስለሚመች ነው። ሜዳው አንድ ሸንተረር ነው። አንዱ ወገን ሸንተረሩ ላይ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ ይቆማል፣ ሌላው ከታች ይወጣል። ውጊያው ከጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ ስለቆየ የጨዋታው ማብቂያም በተፈጥሮው አለ።

አሰላለፉን እንዲህ አድርጉት፦

ለእንግሊዝ 7 ክፍል፦ ሁለቱ የንጉሡ ጠባቂ ጦር፣ አምስቱ ክተት ተብሎ የመጣ ባላገር።
ለኖርማን 9 ክፍል፦ ሁለት ቀስተኛ፣ ሦስት እግረኛ፣ አራት ፈረሰኛ።

እያንዳንዱ የእግረኛና የቀስተኛ ክፍል 12 ምስል፣ የፈረሰኛው 6 ምስል ቢሆን ለእያንዳንዱ ወገን 84 ምስል ይደርሳል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ያዘጋጅ ካላችሁ ግን ዓመት ይፈጃል፤ ከክበቡ አባላት ሰብስቡ።

አሸናፊው የሚለይበት፦ ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ የሃሮልድ ሰንደቅ ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ከተገኘ እንግሊዞች አሸነፉ። ሰንደቁ ከወደቀ ወይም ሃሮልድ ከሞተ ኖርማኖች አሸነፉ። በቃ። ሃሮልድ በእውነተኛው ውጊያ ወድቋል፤ ስለዚህ እርሱን የያዘው ተጫዋች እስከ ማታ ከቆመ ከታሪኩ የተሻለ ሠርቷልና ድሉ ይገባዋል። ሠራዊቶቹን በግድ እኩል ለማድረግ አትድከሙ፤ ማስተካከል ያለባችሁ ግባቸውን ነው።

ውጊያው የራሱ ጠባይ እንዲኖረው ሁለት ልዩ ደንቦችን ብቻ ጨምሩ።

የመጀመሪያው፦ የባላገር ክፍል የገጠመውን ጠላት ካባረረ ዳይስ ይጣልለት፤ 1 ወይም 2 ከመጣ ሰልፉን ለቅቆ ቁልቁል ይከተላል። በውጊያው ዕለት የሆነው ይኸው ነበር፤ የሸሹትን የተከተሉ እንግሊዞች ሜዳው ላይ ተከብበው አልቀዋል።

ሁለተኛው፦ የኖርማን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸሽ ዊሊያም አጠገቡ ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ሊመልሰው ይችላል። መስፍኑ ሞተ የሚል ወሬ ተነሥቶ ጦሩ ሲሸበር ዊሊያም የራስ ቁሩን ገልጦ ፊቱን ማሳየቱ ይነገራልና ደንቡ ከዚያ የመጣ ነው።

ሦስተኛ ልዩ ደንብ አትጨምሩ። ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቅርብ ዘመን ጦርነት ልታጫውቱ ካሰባችሁ ተጫዋቾቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለእናንተ ጨዋታ የሆነው ለሌላው የአባቱ ወይም የአያቱ ሞት ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው ሌላ ዘመን ምረጡ፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳም አታስገድዱት።

3. ደንቡን ወደ አንድ ገጽ አውርዱ

የምትጫወቱበትን የደንብ መጽሐፍ ሙሉውን የሚያነብ አንድ ሰው ይበቃል። ያም ሰው ዳኛ ይሆናል፤ ጦር አይመራም። ብዙ ክበቦች ይህን አይቀበሉም፣ ሁሉም መጫወት ይፈልጋል። ደንቡን የሚያውቀው ሰው ተቃዋሚም ሲሆን ግን እያንዳንዱ ውሳኔው ይጠረጠራል። አዲስ ተጫዋቾች ባሉበት ምሽት ዳኛው ነፃ ይሁን።

ዳኛው በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን ብቻ ይጻፍ፦ እያንዳንዱ ዓይነት ጦር በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት፣ ቀስት የሚደርስበት ርቀት፣ ለመምታት የሚያስፈልገው ቁጥር፣ ጋሻ የሚያድንበት ቁጥር፣ አንድ ክፍል ወኔው ጸንቶ እንዲቆም የሚያስፈልገው ቁጥር። ገጹን በአምስት ቅጂ አባዙ።

የርቀቱን መለኪያ በጥንቃቄ አንብቡ። አንዳንድ መጻሕፍት በኢንች፣ አንዳንዶች በሴንቲ ሜትር ናቸው፤ 6 ኢንች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ተጫዋች በኢንች ሌላው በሴንቲ ሜትር ሲለካ ያየሁበት ጨዋታ አለ፤ የታወቀው ፈረሰኞቹ ጠረጴዛውን አቋርጠው ካለቁ በኋላ ነው። አንድ ዓይነት ሜትር ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ።

ስለ ዳይስ አንድ ነገር እወቁ። ክፍሉ ወኔው ይጸና እንደሆነ ለማየት ሁለት ዳይስ ተጥሎ 7 ወይም ከዚያ በላይ ይፈለጋል እንበል። ከ36 አጣጣል 21ዱ ይሳካል። በጉዳት ምክንያት ሁለት ነጥብ ቢቀነስበትና 9 ቢያስፈልገው ግን የሚሳካው 10ሩ ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ ከግማሽ በላይ የነበረውን ዕድል ከሲሶ በታች ታወርደዋለች። ከራሳችሁ ቅጣት ወይም ጉርሻ ስትፈጥሩ አንድ ነጥብ ይብቃችሁ።

4. ምስሎቹን አሰናዱ

መጠን፦ የተለመዱት 28፣ 15 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው። አትቀላቅሉ፤ 28 እና 15 ጎን ለጎን ሲቆሙ አዋቂና ሕፃን ይመስላሉ።

መቆሚያ፦ ከምስሉ መጠን ይልቅ ከእግሩ ሥር የሚለጠፈው የመቆሚያው ስፋት ይበልጥ ያስጨንቃችሁ። የእያንዳንዱ ክፍል ግንባር 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በ28 ሚሊ ሜትር ባለ 2 ሴንቲ ሜትር መቆሚያ ስድስት ከፊት ስድስት ከኋላ ማለት ነው። በ15 ሚሊ ሜትር ደግሞ ባለ 4 ሴንቲ ሜትር መቆሚያ ሦስቱ 12 ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ። አሥራ ሁለቱን ምስሎች አንድ በአንድ ማንሣት ሰዓት ይበላል፤ ክፍሉን በሙሉ የሚሸከም ስስ ሰሌዳ ቆርጣችሁ በአንድ እጅ ግፉት።

ከመቆሚያው ሥር የክፍሉን ቁጥር ጻፉ። ምስሎቹ ከብዙ ሰው የተሰበሰቡ ከሆነ የባለቤቱንም ምልክት ጨምሩ። ማታ ስትለያዩ ይጠቅማችኋል።

ቫርኒሽ የምትረጩ ከሆነ አየሩ እርጥብ በሆነበት ቀን አትርጩ፤ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ቀለሙ ላይ ይቀራል። አስቀድማችሁ በአንድ ተራ ምስል ሞክሩ። አሮጌ የብረት ምስሎች እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ስትሞርዱ አቧራውን እንዳትስቡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ስትጨርሱም እጃችሁን ታጠቡ፤ ሕፃናት አጠገብ አትሞርዱ።

ጦር ወይም ሰይፍ ሲጎብጥ፦ ብረት ከሆነ በጣታችሁ በዝግታ አንድ ጊዜ ብቻ አቅኑት፤ ወዲያና ወዲህ ካመላለሳችሁት ይሰበራል። ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፣ አቅኑት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት።

5. ጠረጴዛውን ሥሩ

180 በ120 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከ120 በላይ ካሰፋችሁት መሐሉ ላይ ለመድረስ ሰው በደረቱ ይተኛል፤ በደረቱ የተኛ ሰው ደግሞ በእጅጌው አንድ ሙሉ ክፍል ይጠርጋል።

ሸንተረሩን ለመሥራት መጻሕፍት ወይም የስፖንጅ ሰሌዳ ደርድሩና አረንጓዴ ጨርቅ አልብሱት። 100 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሐል 40 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ሰባቱ የእንግሊዝ ክፍሎች ጎን ለጎን 84 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉና ይበቃቸዋል። በሁለቱም ጫፍ ጭቃማ መሬትና ዛፍ አድርጉ፤ ፈረሰኛ እንደልቡ ዞሮ ከኋላ እንዳይመጣ።

አሁን ከባዱን የብረት ፈረሰኛ ተዳፋቱ ላይ አቁሙት። ከተንሸራተተ ተዳፋቱን ተዉትና በደረጃ ሥሩት። ለዓይን ያን ያህል አያምርም፣ ነገር ግን ማንም አይወድቅም።

ዛፎቹን ከመሬቱ ጋር አታጣብቁ። የጫካውን ወሰን ጠቆር ባለ ጨርቅ አሳዩ፤ ጦር ሲገባ ዛፉን ታነሣላችሁ፣ ወሰኑ ግን አይጠፋም።

ኖርማኖችን ከእንግሊዙ ግንባር 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አሰልፉ። እግረኛ በዙር 15 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ጋሻ ከጋሻ ይጋጫል። ብዙ አዘጋጆች እዚህ ይሳሳታሉ፤ ሠራዊቶቹን በጠረጴዛው ሁለት ጠርዝ ያቆሙና ስድስቱ ዙር በጉዞ ያልቃል።

6. ብቻችሁን ሞክሩት

ከጨዋታው ቀን በፊት ካርቶን ቁረጡ፤ 12 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ 16 ቁራጭ። ስማቸውን ጻፉባቸውና ሁለት ዙር ብቻችሁን ተጫወቱ። ሰዓት ያዙ። በሁለተኛው ዙር ማንም ካልተዋጋ ርቀቱን አሳጥሩ። አንድ ዙር ከ35 ደቂቃ ካለፈ ከየወገኑ አንድ ክፍል ቀንሱ። የማታውቁት ጥያቄ ከተነሣ አሁኑኑ መጽሐፉን ፈልጉ፤ መልሱንም በአንዱ ገጽ ላይ ጨምሩ።

7. የምሽቱ ቅደም ተከተል

ሀ) ተጫዋቾች ከመምጣታቸው በፊት ሁሉም ክፍል በቦታው ይሁን። «ደርድሩ» ብላችሁ አትስጧቸው።

ለ) ሁኔታውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉ፣ መቼ እንደሚያበቃ። ታሪኩን ሰፋ አድርጎ መተረክ ያምራል፤ ቦታው ግን ዕረፍቱ ላይ ነው።

ሐ) ደንቡን በቃል አታስተምሩ። አንድ ክፍል አንሡ፣ አንቀሳቅሱት፣ ቀስት አስወርውሩት፣ አዋጉት፣ ወኔውን ፈትኑት። ከዚያ ወደ ቦታው መልሱትና ጀምሩ።

መ) ዳይስ በሣህን ወይም በሣጥን ክዳን ውስጥ ብቻ ይጣል። ከሣህኑ የወጣ ዳይስ እንደገና ይጣላል፤ ስድስት ቢሆንም። ይህን ከመጀመሪያው አጣጣል በፊት ተናገሩ። በኋላ ከተናገራችሁት ክርክር ይሆናል።

ሠ) የዙሩን ቁጥር ሁሉም በሚያየው ቦታ ለጥፉ። «አራተኛው ዙር፣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች» ሲባል ዊሊያምን የያዘው ሰው ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ረ) የእንግሊዙ ወገን የቆመ ስለሆነ ሥራ እንዳይፈታ ጠብቁ። የተጎዳውን ክፍል በኋላ ባለው የመተካት፣ የወረደውን ባላገር የመጥራት ውሳኔ ለእነርሱ ይሁን። ጋሻ ማዳኑ የሚታይበትን ዳይስ ራሳቸው ይጣሉት።

8. የሰልፍ ጥምዘዛን በትክክል ለኩ

ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ቆም ብላችሁ እዩት። አንድ ሰልፍ ወደ ጎን ሲጠመዘዝ አንዱ ማዕዘኑ ይቆማል፣ ሌላው እንደ በር ይዞራል። በግራ ጣታችሁ የውስጡን የፊት ማዕዘን ተጭናችሁ ያዙ። ሜትሩን ከውጭው የፊት ማዕዘን አንሥታችሁ በሚዞርበት ቅስት ለኩ።

ግንባሩ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍል 45 ዲግሪ ሲዞር የውጭው ማዕዘን 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ሙሉ 90 ዲግሪ ሲዞር 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዙር 15 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ እግረኛ እንግዲህ በአንድ ዙር ሙሉ ሊዞር አይችልም። ተጫዋቹ ግን ክፍሉን ከመሐሉ ይዞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያዞረዋል፣ ከዚያም 15 ሴንቲ ሜትር ይጨምርበታል። ተንኮል የለበትም፤ ማንም አላሳየውም። በመጀመሪያው ዙር ዳኛው እጁን ይዞ ያሳየው። ቀጥታ ጉዞም ሲሆን የለካችሁበት ማዕዘን እስከ መጨረሻው ያው ይሁን፦ ከፊት ግራ ከጀመራችሁ በፊት ግራ ጨርሱ።

9. ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ደንብ ላይ ክርክር ተነሣ፦ መጽሐፉን ለሁለት ደቂቃ ፈልጉ። ካልተገኘ ዳይስ ጣሉ፤ ከ1 እስከ 3 የአንዱ፣ ከ4 እስከ 6 የሌላው ሐሳብ ይጸናል። ጥያቄውን ጻፉና ቀጥሉ። የምሽቱ ውሳኔ እስከ ምሽቱ መጨረሻ አይለወጥም፣ መጽሐፉ በኋላ ሌላ ነገር ቢልም።

«ይደርሳል፣ አይደርስም» ተባለ፦ ልዩነቱ በዓይን የማይለይ ከሆነ ለሚያጠቃው ፍረዱ። ጨዋታው ወደፊት ይሄዳል።

ጠረጴዛው ተገጭቶ ምስሎች ወደቁ፦ ማንም ወዲያው አያንሣ። በየዙሩ መጨረሻ በስልክ አንድ ፎቶ የማንሣት ልማድ ካላችሁ ፎቶውን አይታችሁ ትመልሳላችሁ።

አንዱ ተጫዋች ቀድሞ ሄደ፦ ክፍሎቹን ለአጋሩ ስጡ። ከአምስት በላይ ከሆኑበት ዳኛው ትርፉን ባሉበት ያቁማቸው፤ ከተጠቁ ይከላከላሉ እንጂ አያጠቁም።

አንድ ልምድ ያለው ሰው አጋሩን ማዘዝ ጀመረ፦ ይህ አዲስ ሰውን ከምንም በላይ ያባርራል። አጋሮች በዙሩ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ደቂቃ ብቻ እንዲመካከሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ጦር ብቻ እንዲነካ ደንብ አድርጉ። ሁለቴ ከተላለፈ ለብቻው ወስዳችሁ በለሆሳስ ንገሩት። በሰው ፊት አትገሥጹት።

ውጊያው በሁለተኛው ዙር አለቀለት፦ ዳይስ እንዲህ ያደርጋል። የተሸነፈው ወገን ምንም ተስፋ እንደሌለው ሁሉም ከተስማማ እዚያው አቁሙ፣ ጦራችሁን ተለዋወጡና እንደገና አሰልፉ። ሰዓቱ ለአራት ዙር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሰንደቁ እስከ አራተኛው ይቁም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ ገና አምስተኛው ዙር ላይ ናችሁ፦ ማብቂያው 30 ደቂቃ ሲቀረው «የመጨረሻው ዙር ይህ ነው» ብላችሁ አውጁ። ሳይታወጅ የቆመ ጨዋታ የመጨረሻ ጥቃቱን ያስቀመጠውን ሰው ይበድላል።

10. አጠናቅቁና ሰብስቡ

ሰንደቁ ቆሟል ወይስ ወድቋል? ዳኛው ያውጅ፤ ተጫዋቾችም እጅ ይጨባበጡ። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ጠይቁ፦ የትኛው ደንብ አስቸገረ? ማን ሥራ ፈትቶ ቆመ? መልሱን በአንዱ ገጽ ጀርባ ላይ ጻፉ።

ስትሰበስቡ ምስሉን ከመቆሚያው ያዙ፤ ጦሩን ወይም ራሱን ይዛችሁ አታንሡ። አንድ ሰው ሣጥኑን ይያዝ፣ ሌላው ያቀብለው፣ ሦስተኛው ቁጥሩን ከመቆሚያው ሥር እያነበበ ይቁጠር። 84 እና 84። አንድ ከጎደለ ጨርቁን ከማጠፋችሁ በፊት እጥፋቱን ዳብሱ፣ ዛፎቹን አንሡ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ወለልም በስልክ መብራት እዩ። ጨርቁ ከታጠፈ በኋላ የጠፋ ምስል ጦሩ ተሰብሮ ነው የሚገኘው።

የሚቀጥለውን ቀን ሰው ከመበተኑ በፊት እዚያው ቁረጡ፤ ሃሮልድን ማን እንደሚይዝም ጻፉ።